እግርህን ማን አሸው

ሪያድ፣ መላዝ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓለምነው፣

ዓለሜ፣ እግርህ እንዴት አደረ? እብጠቱ ጎደለልህ? ዛሬም እንደነቃሁ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ ዐይኔን ሳልገልጥ፣ ወደ አልጋህ ዞሬ፣ ድምፄን አውጥቼ። ከአምስት ሳምንት በላይ በየጠዋቱ ስጠይቅህ ስለነበር አፌ ገና አልተወውም። ከሞትክ ዛሬ አሥራ አምስት ቀንህ ነው።

አስከሬንህ እስካሁን ሆስፒታል ነው ያለው። የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ ካለቀ ሁለት ዓመት ስላለፈው ወረቀትህ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። እማዬ ደሴ ሆና ትጠብቅሃለች። በደወለች ቁጥር «መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች፤ ለዕረፍት የምትሄድ ይመስል። አባዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናውን አቁሞ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ግን ኩባንያው በቃ ስላለው ጭነት ይዞ ወደ ጅዳ ሄዷል። የሚመለሰው ኀሙስ ነው። የምጽፍልህም ከኀሙስ በፊት ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

ሐኪሙ ለአባዬ የነገረው አጭር ነው። ባትህ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ሄደና ሳንባህን ዘጋው። ከዚያ ሐኪሙ እግርህን ያሸ ሰው እንደነበር ጠየቀው። አባዬ «ወጌሻ አለው» አለ። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ወጌሻውን ባንቴን ገዳይ ብሎ ጠርቶት ነበር። እኔም አመንኩ። ለማመን አልከበደኝም። ባንቴ ማን ነው? ራውዳ ያለ ጂም ውስጥ ፎጣ የሚሰበስብ ሰው። ሐኪሞቹ የስፖርተኛ ጡንቻ ሲያሹ በጎን እያየ ተማርኩ የሚል፣ አገር ቤት የአንድ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ የሚል። ቡድኑን ያየ ሰው አላገኘሁም። ዓርብ ዓርብ ኳስ ስትጫወቱ ሜዳው ዳር ዘይትና ፋሻ ይዞ ሲቀመጥ ማንም ወረቀትህን አሳየን አላለውም፤ ወረቀት ያለው ከመካከላችን ስንት ነው?

ቁርጭምጭሚትህ የዞረ ቀን እኔም ነበርኩ። አንተ መሬት ላይ ሆነህ ትስቃለህ፣ ባንቴ አይስቅም። አሰረልህና ለሦስት ሳምንት እንዳትረግጥበት ነገረህ፤ ግን ጣቶችህን በየሰዓቱ እንድታንቀሳቅስ፣ ዝም ብለህም እንዳትተኛ አለህ። አንተ የሰማኸው እንዳትረግጥ ያለውን ብቻ ነው። ፋሻው ሲፈታ ደግሞ ማሸቱን ለእኔ አስተማረኝ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ፣ በለዘበ እጅና በሞቀ ዘይት። እጄን ይዞ «ያላ፣ እንዲህ ነው፤ ይኼ ልጅ ከእኔ ይበልጣል» አለ። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ አይተሃል።

ከዚያ ባትህ አበጠ። ረቡዕ ከቡድን ጓደኛህ ከሰለሞን ጋር ወደ ባንቴ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሰለሞን ወደ ቤት ሳይገባ ከደረጃው ተመለሰ። እኔም ምን እንዳለህ ጠየቅሁህ።

«የቆየ ደም ነው አለኝ» አልከኝ። «ወደ ላይ ወደ ላይ እሸው ብሏል። አንተ እሸኝ።»

አሸሁልህ። ረቡዕ፣ ኀሙስ፣ ዓርብ። ሳይ የነበረውን አንድም ነገር አልደብቅህም፤ እግርህ ይፋጅ ነበር፤ ቆዳው ያብረቀርቅ ነበር፤ ስነካው ደግሞ ዐይንህን ጨፍነህ «ቀለለኝ» ትል ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልትታጠብ ተነሣህ፣ በሩ ጋ ስትደርስ «ሚልኪ፣ ትንፋሼ» አልክ። ሌላ አላልክም።

ለቅሶው ላይ ባንቴ አንድ ቀን ብቻ መጣ። ይህም አጠራጠረኝ። ሌላው ሰው ሁሉ በየቀኑ ይመላለሳል፣ እሱ በሦስተኛው ቀን መጥቶ አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆመ። ሰው በሞላበት እኔ ተነሥቼ «ጋሽ ባንቴ፣ እሹት ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ እንዳሉት ነው ያሸሁት» አልኩት። አባዬ ይሰማ ነበር፤ ከእኔ ንግግር የሰማው ግን የባንቴን ስም ብቻ መሰለኝ። ባንቴ ወደ ፊቴ አላየም። ወደ እጆቼ አየ። አፉን ሊከፍት ብሎ ተወው፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ። አባዬ ከኋላው ብዙ ነገር ተናገረው፤ ደረጃ ለደረጃ እየተከተለ። አንድ ቃል አልመለሰም። እኔም ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም አይልም አልኩ።

ሰለሞንንም ጠረጠርኩ። የባንቴ ስም ሲነሣ ውኃ ላምጣ ይላል፣ ስልክ ተደወለልኝ ይላል። አንድ ነገር ተስማምተዋል ብዬ አሰብኩ። አባዬ ክስ ማስገባት እንደሚፈልግ፣ በአረብኛ የምጽፈውም እኔ እንደሆንኩ ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ ይህ ሰው ሲሠራ በዐይኔ ልየው ብዬ ባለፈው ኀሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ባጥሐ ሄድኩ።

ክፍሉ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ነው፤ ታውቀዋለህ። ሰለሞን አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ተከላካዩ ሰማው ደግሞ ተራ ይጠብቃል። ባንቴ ብቻ ግባ ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ። ስህተቱን ልይዝ እጁን እጁን አየሁ። ወዲያው መንካት አልጀመረም። ሰለሞንን መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደመታው፣ ሲያርፍ ይብስ እንደሆነ ጠየቀው። የእጁን ጀርባ በሁለቱም ባቶች ላይ አሳርፎ ሙቀታቸውን አስተያየ። ከዚያ የልብስ ሰፊውን ሜትር አውጥቶ ከጉልበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሁለቱንም ለካ።

«ሱሪ ልትሰፋልኝ ነው?» አለ ሰለሞን።

«ባንቴ፣ የእሱን ምላሱን እሽለት» አለ ሰማው። «ሜዳ ላይ ሌላ የሚሠራ አካል የለውም።»

ባንቴ ፈገግ ብሎ ዘይቱን አነሣ። እኔ አልሳቅሁም።

«ለወንድሜስ ለክተውለት ነበር?»

ሰለሞን ጣሪያውን አየ። ባንቴ ዘይቱን መልሶ አስቀመጠ።

«ለክቻለሁ። ግራው ከቀኙ በአራት ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አልነካሁትም።»

«ውሸታም ነህ» አልኩት። አንተ አልኩት፣ ዓለሜ፤ በአባዬ ዕድሜ ያለውን ሰው። ያን ጊዜ አላፈርኩም። ባንቴም አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ሲነግረኝ፣ ጂሙ ውስጥ ያሉት ሐኪሞች አንድ እግር ብቻ ሳይመታ ቢያብጥ፣ ቢያተኩስም፣ በተለይ ታስሮ የቆየ ከሆነ፣ እጃቸውን ሰብስበው ሰውየውን ወደ ሆስፒታል እንደሚልኩ አይቷል። አንተንም ይህ ጡንቻ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሂድ እንዳለህ ነገረኝ። ሰለሞንን እማኝ ልጠራ ዞርኩ፤ ሰለሞን ግን አጎንብሶ ጫማውን ያስር ነበር።

«እውነት ከሆነ ለአባዬ ለምን አልነገርከውም? ሲሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

ባንቴ እጁን በፎጣ ጠረገ። ያልቆሸሸ እጁን ለረጅም ጊዜ ጠረገ።

«የወንድምህን ስልክ ክፈት» አለኝ። «ብቻህን ሆነህ ክፈተው።»

የሚያመልጥበት መንገድ ነው ብዬ ወጣሁ። ሰለሞን ደረጃው ላይ ደረሰብኝና ክስ ከገባ ለምርመራ ተብሎ አስከሬንህ ከዚህም በላይ ሊቆይ እንደሚችል፣ ባንቴም ኢቃማ ስለሌለው በዚያው ወደ ተርሂል እስር ቤት ተወስዶ ከአገር እንደሚባረር ነገረኝ። «ይባረር» አልኩት።

ስልክህ ከሆስፒታል ከተሰጠን ጀምሮ አባዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዓርብ አባዬ መኪናውን ሊያሳይ ጋራዥ ሲሄድ አወጣሁና ቻርጅ አደረግሁት። ባንቴን የሚያጋልጥ ነገር እፈልግ ነበር። ከእሱ የመጡ ሦስት የድምፅ መልእክቶች አገኘሁ። ሦስቱም ተሰምተዋል። የመጀመሪያው ደረስክ ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ዓለምነው ወንድሜ፣ ሄድክ ወይ? ኢቃማ የለኝም ብለህ እንዳትቀር። በድንገተኛው በር እንሞክር፤ ብቻህን ከፈራህ እኔም አብሬህ እገባለሁ።» ኢቃማ የሌለው ሰው ኢቃማ ለሌለው ሰው። ሦስተኛው የኀሙስ ነው፦ «ማንም እንዳያሸው። ያ ትንሹ ወንድምህም ቢሆን። እጁ ጎበዝ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ግን እንዳይነካው።»

አንተም ከሥሩ ጽፈህለታል። «እሺ ኸላስ፣ ነገ እሄዳለሁ።» ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ይላል። በዚያ ሰዓት እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ዘይት አሞቅልህ ነበር።

ዓለሜ፣ ለምን? ሁለት ቀን ሙሉ አንተን ስጠረጥር ነው የዋልኩት። ባንቴ ያጋንናል ብለህ ነው? ሆስፒታሉ በር ላይ ኢቃማ ሲጠይቁህ ታይቶህ ነው? ወይስ እኔ ሳሸው እውነት ቀሎህ ነበር? እኔን ለመጉዳት እንዳልዋሸኸኝ አውቃለሁ። ይህን አውቃለሁ፤ ሌላውን ግን አላውቅም። የረጋ ደም ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሥቶ ሊሄድ እንደሚችልም አንብቤያለሁ። ይህንን አንድ መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ሐኪሙን ሄጄ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ የሚመልስልኝን ፈርቼ ተውኩት።

ባንቴ እጆቼን ለምን እንዳየ አሁን ይገባኛል።

ከዚህ የባሰውን ስማ። ትናንት ከሰዓት አባዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። እንደምታውቀው አረብኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም፣ አያነብም። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ገልብጬ እጽፋለሁ። ስልክህን ሰምቼ፣ ሁሉን አውቄ፣ ጻፍኩ። ባንቴ የሚባለው ሰው ያለ ፈቃድ የታመመ እግርህን አሽቶ ለሞት እንዳበቃህ ጻፍኩ። አባዬ «ስሙን አጥርተህ ጻፍ» አለኝ፤ አጥርቼ ጻፍኩት። እግርህን ማን እንዳሸው መናገር አልቻልኩም። ፊቱን ብታየው አንተም አትችልም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእግሩ ያቆመው ይህ ቁጣ ነው፤ ከእጁ ብወስድበት ምን ይዞ እንደሚነዳ አላውቅም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን ለእሱ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ፈረመበት፣ ኀሙስ ስመለስ በእጄ አስገባዋለሁ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ፣ «ጎበዝ ልጄ» አለ።

ባለህበት እግርህ አይመምህ፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር እንደ ጤነኛ ያስኪድህ። የእማዬን ዕንባ እሱ ያብስላት፤ አንተንም በቶሎ ከእቅፏ ያድርስልን፣ በእኔ ሰበብ አንድ ቀን እንኳ አትዘግይ። የዋሸኸኝን ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም እኔን ይቅር በለኝ፣ ለየትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።

አሁን ደግሞ ዛሬ፣ ብቻዬን በሆንኩበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህና ልጨርስ። አባዬ ገና ሳይነጋ ወጣ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ፊቴን ታጠብኩ፤ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። የአረብኛውን ወረቀት አንድ ጊዜ አንብቤ ለአራት ቀደድኩት። ከደብተሬ ሌላ ገጽ ገንጥዬ በአማርኛ ጻፍኩ፣ አባዬ ማንንም ሳይለምን ራሱ እንዲያነበው፣ በትልልቅ ፊደል። ረቡዕ ያልከኝን፣ ሦስቱን ቀን፣ ባንቴ በስልክ ያለህን፣ እግርህን ያሸሁት እኔ መሆኔን። ሁሉም ዘጠኝ መስመር ነው የሆነው። ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፣ የባንቴን ሦስት መልእክቶችም አስከትዬ ላክሁ። ከዚያ አልጋህ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ነዳጅ ለመቅዳት እንደሚያቆም አውቃለሁ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጠራ። አባዬ ነው። ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ጠበቅሁና አነሣሁት።

ወንድምህ
ሚልኪያስ ገብሩ