ጎረቤቴ ትጥራልኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1971

ጠዋት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ። ስኳር የለም፤ ሳሙና አለ። ሳሙናዬን ይዤ ተመለስኩ። ንጹሕ ሆኖ መራራ ሻይ መጠጣትም አንድ ነገር ነው…

ነፋሱ የአዳማን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ እኔ ደጅ ደፋው። ሁለቴ ጠረግሁ። ለሦስተኛው ስነሣ በሩ ተንኳኳ። ገመዳ ነው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ። ጨዋ ልጅ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ቁልፍ ጎድሎታል።

«እንደምን ዋሉ፣ ጓድ የሺዓለም?»

«ጓድ የሚባል ልጅ አልወለድኩም፣ ጓድም አላገባሁም። ወይዘሮ በለኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ችግሩን አወጣ። ፈረንጆቹ ትተውት የሄዱት የሚሲዮን ክሊኒክና እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁበት የዘይት ፋብሪካው ክሊኒክ ከጤና ጣቢያው ጋር ይጠቃለላሉ። የሦስቱ ካርድ ክፍል አንድ ይሆናል። ከአውራጃ ሰዎች መጥተው ዕቅዱን ያያሉ።

«ካርድ ክፍል የሚያውቅ ሰው አጣሁ፣ ወይዘሮ የሺዓለም።»

«ላስብበት» አልኩት። ምኑን ነው የማስበው? እሱ ከግቢው ሳይወጣ እርሳሴን መቅረጽ ጀምሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ሦስቱንም አየሁ። ጉድ ነው!

የፋብሪካው በሠራተኛ ቁጥር ነው የተደረደረው። እሱን ያደራጀሁት እኔ ነኝ፤ ነቀፋ የለበትም። የጤና ጣቢያው በመጀመሪያ በመጣበት ቀን። ዕድሜ ተጽፏል እንጂ የተወለደበት ዘመን የለም። በ1955 ሠላሳ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬም ሠላሳ ነው። አዳማ ውስጥ ሰው የማያረጅበት ቦታ ኖሯል… ቀደም ብዬ ባውቅ እዚያ እታከም ነበር።

ሚሲዮኑ ደግሞ በአባወራ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ማኅደር፣ ከላይ የባልየው ስም። ሚስቲቱ ውስጥ ናት። እሷም ስሟ አልተጻፈም፤ «ሚስት» ብቻ። ቀኑም በፈረንጅ ነው።

የዚያ ካርድ ጠባቂ ሰብስቤ ይባላል። ሲሠራ መዝሙር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ጮክ ብሎ ለመዘመር ዘመኑ አይፈቅድም፤ ዝም ለማለት እሱ አይችልም።

«የፈረንጆቹ ሥርዓት ነው፣ እትዬ።»

«ፈረንጆቹ ሲሄዱ ሥርዓታቸውን ለምን ጥለውብን ሄዱ?»

«ሻንጣው ሞልቶባቸው ይሆናል።»

ይሄን ሰውዬ ሳልወደው አልቀርም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ገመዳ ትልቅ የማሸጊያ ወረቀት አመጣ። ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። በግራ የሦስቱ የድሮ ካርዶች፣ በቀኝ አዲሱ ካርድ። እያንዳንዱ ነገር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በመስመር ይታያል። ለሚሲዮን ቀይ፣ ለፋብሪካ ሰማያዊ፣ ለጤና ጣቢያው ተራ እርሳስ። «ዕድሜ» ተሻግሮ «የተወለደበት ዘመን» ይሆናል፤ ካርድ ካወጣበት ዓመት ላይ መቀነስ ነው። የፈረንጁ ቀን ወደኛ ይመለሳል። ሰብስቤ ሲያሰምር መስመሩ እንደ አዋሽ ይጠማዘዛል። ማስመሪያ ሰጠሁት። በማስመሪያም ይጠማዘዛል።

አዲሱ ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በገዛ ስሙ። ሴቷም በገዛ ስሟ። ይሄን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ይሄማ አብዮታዊ ነው!» አለ ገመዳ።

«ጨዋነት ነው» አልኩት።

የሴቶቹ የድሮ ካርድ ግን በምን ይገኛል? በባል ስም። እንግዲህ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ይጠየቃሉ፣ ይናገራሉ። ምን ያስቸግራል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

የመስኮቱን ደንብ ጻፍኩ። አንድ በአንድ ይገባሉ። ሌላው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃል። ከባለጉዳዩ በቀር ማንም አይናገርም። ልጅ ሳለሁ መነኩሲቷ አስተማሪያችን «የጠየቅሁት አንቺን ነው፣ ጎረቤትሽን አይደለም» ትለን ነበር፣ ጆሯችንን ይዛ። እስካሁን ጆሮዬ ይሰማኛል። ጥሩ ትምህርት ነበር።

ሰብስቤ አነበበውና ራሱን አከከ።

«እትዬ፣ አገራችን ላይ ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዶ ያውቃል?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ይሄዳል።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

የመስኮቱ የመጀመሪያ ቀን። ጸጥታው ቤተ ክርስቲያን ያስንቃል። ወንዶቹ ቶሎ ቶሎ አለቁ። ሴቶቹ ላይ ግን ሥራው ተንቀራፈፈ… ምን ነካቸው? የባል ስም ሲጠየቁ አንዷ ታስላለች፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

አንዲት ወጣት መጣች። ጉዲቱ፣ ከወለንጪቲ። የስምንት ወር እርጉዝ።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ።»

«ደኅና። የባለቤትሽ ስም?»

«የልጄ አባት።»

«እሱስ ይሁን። ስሙን ነው።»

«ዘምቷል።»

«የት እንዳለ አልጠየቅሁሽም። ስሙ ማን ነው?»

የሻሿን ጫፍ ነከሰች። መሬት መሬት አየች። «እሱ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከአጥሩ ውጭ የቆመች ጠይም ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር ልትል ስትጀምር «ዝም!» አልኳት። ዝም አለች። ደንብ ደንብ ነው።

«አታውቅም» ብዬ ጻፍኩ። የባሏን ስም የማታውቅ ሴት! እንዲህም ያለ ትዳር አለ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

አዋላጇ ሮማነወርቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«የጉዲቱ የሚሲዮን ካርድ የታለ፣ እትዬ የሺዓለም?»

«የባሏን ስም አታውቅም።»

«እኔ ምን አገባኝ ባሏ! የመጀመሪያ ልጇን እዚያ በቀዶ ጥገና ነው የወለደችው። እንዴት እንደከፈቷት፣ ለምን እንደከፈቷት ሳላውቅ እዚህ አዋልዳታለሁ ብዬ አልደፍርም።»

«ካርዱ ባይገኝስ?»

«አዲስ አበባ መላክ ነዋ። እዚያ ዘመድ የላት፣ አማርኛው አይሆንላት። ምጧ መንገድ ላይ ቢመጣስ?»

ጉዲቱ ለጊዜው ወለንጪቲ ተመልሳለች። በሚመጣው ሳምንት ስትመጣ ትላካለች። ከሰብስቤ ጋር ለማጓጓዝ የታሸገውን የሚሲዮን ካርድ ጆንያ ፈትተን መግለጥ ጀመርን። ሚስት፣ ሚስት፣ ሚስት… ስንቷ ሚስት! የቷ ናት ጉዲቱ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ዛሬም ጆንያ። አልተገኘም። የሚያስነጥሰኝ አቧራ ብቻ ተገኘ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ ሰብስቤ አዋረደኝ። ይበለኝ።

የሠራተኛውም ካርድ በመስኮቱ ማለፍ አለበት ብዬ የወሰንኩ እኔ ነኝ። እኔም አንድ ጊዜ ሚሲዮን ዓይኔን ታክሜያለሁ፤ ካርዴ በባለቤቴ፣ በእሳቸው ማኅደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰብስቤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ተሰለፍኩ። ጎረቤቴ ወርቅውሃ ጉልበቷን ልትታይ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

«ስም?»

«የሺዓለም አብተው።»

«የባለቤትዎ ስም?»

አፌን ከፈትኩ። … ምንም አልወጣም።

«የባለቤትዎ ስም፣ እትዬ?»

«እሳቸው» አልኩ።

ቃሉን ከገዛ አፌ ሰማሁት። እሳቸው! ዕድሜዬን ሙሉ «እሳቸው»፣ «ጌታው»፣ «የቤቱ ባለቤት»። በወረቀት ላይ፣ ለጡረታው፣ ለቀብሩ፣ ጽፌያለሁ። በአፌ ግን? መቼ? አማቴ ያገባሁ ሰሞን «የባሏን ስም የምትጠራ ሴት ምሰሶ ትነቀንቃለች» አሉኝ። እኔም አልነቀነቅሁም። ከሞቱ በኋላም… ለእንግዳ እንኳ «ነፍሳቸውን ይማር» እላለሁ እንጂ።

ሰብስቤ ብዕሩን አነሣ። ፊቱ ኮስታራ ነው፤ ዓይኑ ግን ይስቃል። «እንግዲህ ‹አታውቅም› ብዬ ልጻፍ?»

ወርቅውሃ ከአጥሩ ማዶ አላስቻላትም። ስማቸውን ከነአባታቸው ጮክ ብላ ጠራችልኝ።

«እዚያ ማዶ! ከባለጉዳዩ በቀር ማንም አይናገርም ይላል ደንቡ!» አለ ሰብስቤ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ ሳቄ ቀጥ አለ። ያቺ ጠይም ሴት! የጉዲቱን ባል ስም ልትጠራላት ነበር እኮ። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ጉዲቱ አታውቅም? እኔ ነኝ የማላውቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ወለንጪቲ ደርሼ መጣሁ። በእህል መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ከወርቅውሃ ጋር። «ጉልበትሽስ?» ብላት «ለኦሮምኛው ታስፈልጊኛለሽ ብለሽኝ የለ? ጉልበቴ ኦሮምኛ አይናገርም» አለችኝ።

ገበያው ሞቅ ብሏል። ጠይሟን ሴት ሽንኩርት ተራ አገኘናት። ከሩቅ ለየችኝ።

«ያቺ ዝም በይ ያልሽኝ ሴትዮ!» አለች በአማርኛ። አንቱታ የለም። ደግሞስ ይገባኛል?

ጆንያዋ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አጥፍቻለሁ። አሁን ተናገሪ፣ እሰማለሁ። የጉዲቱ ባል ስሙ ማን ነው?»

«ደሊል ነዋ! ደሊል በዳዳ!»

ሽንኩርት ተራው ሁሉ ተቀበላት። «ደሊል! የጉዲቱ ደሊል!» አንዷ ቁመቱን በእጇ አሳየችኝ። አንዷ ሲራመድ እንዴት እንደሆነ ተነሥታ አሳየች። ሌላዋ ከመዝመቱ በፊት የወሰደባትን አካፋ ጠየቀችኝ። ከሚስቱ በቀር ይሄን ስም የማይጠራ ሰው ወለንጪቲ ውስጥ የለም።

ጉዲቱ ራሷ ከየት እንደመጣች… ሻሿን ነክሳ ከኋላ ቆማ ትስቃለች። ስሙ በተጠራ ቁጥር ፊቷ ይበራል። አየኋት። መስማቱን ትወደዋለች።

ሽንኩርት በነጻ ጫኑብኝ። ቀሚሴ እስካሁን ይሸታል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ተገኘ! ደሊል በዳዳ፣ ወለንጪቲ። ውስጡ «ሚስት»። ሰብስቤ መዝሙሩን በአፉ ለቀቀው፤ መስኮቱን ዘጋሁለት።

ሮማነወርቅ ቆማ አነበበችው። «በታች በኩል ነው የከፈቷት፤ እንዲህ ያለ ጠባሳ ምጥ ይችላል። የከፈቷትም ያኔ ልጁ ተጋድሞ ስለነበረ ነው። አሁን ያለው አቀማመጡ ጥሩ ነው። ከሐኪሙ ጋር ሆነን እዚሁ እንሞክራለን።»

እኔ ደግሞ ደንቡን ቀደድኩ። ገመዳ ደነገጠ፤ ወረቀት ስቀድ አይቶኝ አያውቅም። መስኮቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥን። በግድግዳው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፣ በአረንጓዴ፤ ከ«አባወራ» ተነሥቶ በሴቷ የገዛ ስም ላይ የሚያርፍ። መስመሩ መካከል ላይ «ጎረቤት ትጠራለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

መስኮቱ ገበያ ሆነ። ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ አንዷ የሌላዋን ባል ትጠራለች። ዝም ብላ ብትጠራ ደግ ነበር።

«ዘገዬ ነው ስሙ። ሰነፍ ነው ብለህ ጨምርበት።»

«‹ሰነፍ› የሚል ቦታ ካርዱ ላይ የለንም» አለ ሰብስቤ።

«እንግዲያው ቦታ አስፉለት!»

ጩኸቱ ራሴን አሳመመኝ። የ«አታውቅም» ክምር ግን እየቀለጠ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። ሰብስቤ ባዶዎቹን የአባወራ ማኅደሮች ታቅፎ ወደ እሳቱ ሲያመራ ያዝኩት። «ዕቅዱ ሳይጸድቅ አንዲት ወረቀት አትነካም!»

የአውራጃው ሰዎች በጭሱ መካከል ደረሱ። ግድግዳውን አዩ። አንደኛው መነጽሩን አስተካከለ።

«ይህ አረንጓዴ መስመር ምንድን ነው?»

«ጎረቤት ናት» አልኩ።

ተያዩ። ገመዳ አንገቱን ይነካካል፤ ቁልፉ ዛሬም የለም። «መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ እዩ» አልኳቸው። ቆሙ። አዩ። ሰሙ። ሲስቁ አፋቸውን ሸፈኑ። ሲሄዱ ያው መነጽራሙ የአሰላ መንገድ ክሊኒኮችም፣ ሁሩታም ጭምር፣ በዚሁ ዓይነት መሥራት ይችሉ እንደሁ ጠየቀ። «መጀመሪያ ማስመሪያ ይግዙ» አልኩት።

ዕቅዱ ጸድቋልና ሰብስቤ ማኅደሮቹን ወደ እሳቱ ወሰደ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

ጉዲቱ በሰላም ተገላገለች። እዚሁ። ሴት ልጅ። ሮማነወርቅ ስትወጣ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ጠይሟ ጓደኛዋ ሽንኩርት ይዛ መጣች… ምን ላድርገው ይሄን ሁሉ ሽንኩርት?

የሕፃኗን ካርድ ልከፍት አልጋዋ ድረስ ሄድኩ። የእናት ስም፣ ጉዲቱ። ይሄ ምንም አላስቸገረም። «የአባት ስም» የሚለው ላይ ደረስኩ። ጉዲቱ አየችኝ። ሻሿን ለመንከስ ፈለገችው፤ ትራሱ ስር ነው።

«ደሊል» አልኩላት።

ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬ የመጨረሻው ካርድ ቦታውን ያዘ። አንድ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ፣ በገዛ ስሙ። የገመዳን ቁልፍ ሰፋሁለት፤ ለሥራው ማብቂያ ሥነ ሥርዓት እንዲሆን። ወርቅውሃም ጉልበቷ ትዝ ብሏት መጣች። የእሷን ባል እኔ ጠራሁላት። ደጋግማ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለች፣ በስህተት ሌላ ስም የምጠራ ይመስል።

ማታ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ድመቷ ጉልበቴ ላይ። አንድ ነገር አማረኝ። ማን ይሰማኛል? አማቴም የሉ።

«ንዋይ» አልኩ። አልጣፈጠኝም፤ ድምፄ አነሰ። እንደገና ቀና ብዬ፣ መስኮቱ ላይ እንደሚባለው፣ «ንዋይ ገብረወልድ!»

ምሰሶው አልተነቀነቀም። ድመቷ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። እሳቸው ቢሰሙ… «ምነው የሺ፣ ምን አጠፋሁ?» ይሉኝ ነበር።