በቀኝ በኩል ያለው ኪስ

ጥቅምት 3
ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ ጎኑን ለቀቅ አደረግኩ… "ጠበበ" ትላለች እንጂ "ወፈርኩ" አትልም። ከሰዓት ወደ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርቴ ሄድኩ።

አዲስ መጽሐፍ ጀመርን። የጋሪና የፋኖስ ዘመን የፈረንጅ ልብ ወለድ፣ ተተርጉሞ፣ ከጣቴ የማይወፍር። አንድ የተከበረ ሰውዬ እሑድ እሑድ አንዲት ባልቴት ሊጠይቅ ይሄዳል። ሁልጊዜ በዚያው ጥቁር ኮት፣ መሐረቡን በቀኝ የደረት ኪሱ ሰክቶ። ደራሲው ይህን ኪስ ሦስት ጊዜ ያነሳዋል።

መምህራችን ጠመኔውን አነሱ። ክፍሉ በሹክሹክታ "ጋሼ ተምሳሌት" ይላቸዋል። ለእሳቸው ዝናብ ቢዘንብ ተምሳሌት ነው፣ ወንበር ቢሰበር ተምሳሌት ነው። "ኪሱ ለምን በቀኝ ሆነ? ልብ ያለው በግራ ነው! የሰውየው ልብ ቦታውን ለቋል። ፍቅሩ ሐሰት ነው!" አሉ። ጻፍን። ፈተና ላይ መምጣቱ አይቀርም።

አምና በሥነ ጽሑፍ ብቻ ወደቅሁ። አሁን የድጋሚ ፈተናውን ከወደቅሁ ስሜ ከመዝገብ ይሰረዛል። ልቀጠርበት የምመኘው የሙያ ማሰልጠኛ ደግሞ የስፌት አስተማሪ አድርጎ ለመቅጠር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ይጠይቃል። ሃያ አራት ዓመት ልብስ መስፋቴ አይቆጠርም… በአርባ ስድስት ዓመቴ የኪስ ትርጉም እሸመድዳለሁ። ጉድ ነው!

ጥቅምት 6
የአንድ ደንበኛ ኮት ስገለብጥ ዋልኩ። ፊቱ ነጥቷል፣ ውስጡ ግን እንደ አዲስ ነው። ተረተርኩ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ መልሼ ሰፋሁ። የድሮዎቹን የቁልፍ ቀዳዳዎች በክር ደፈንኩ። የደረት ኪሱ እንደ ልማዱ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ…

መርፌውን አስቀመጥኩ። የቀኝ ኪስ!

ምሳዬን ትቼ መጽሐፉን እንደገና አነበብኩ። ሰውዬው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ጋሪ የለውም። ባልቴቲቱ ቤት ሻይ ይጠጣል እንጂ እቤቱ ጠርቷት አያውቅም። የምን ሐሰት? ደህይቷል እንጂ! ኮቱን አስገልብጧል፣ እንዳይታወቅበት ይሳቀቃል። አንጀቴን በላው። ለባለቤቴ ብነግረው "ደራሲው ለልብስ ሰፊዎች ብቻ ነው እንዴ የጻፈው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቅምት 10
እጄን አወጣሁ። ጋሼ ተምሳሌት ከሰሌዳው ዞር አሉ። "እሺ፣ ልብስ ሰፊዋ!"

ዓይኔ ደረታቸው ላይ አረፈ። ግራጫ ኮት። እስክሪብቶ በቀኝ ኪስ። በቀኝ ጠርዝ የተደፈኑ የቁልፍ ቀዳዳዎች… ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እንዴት ሳላይ ቀረሁ? እኔ ምኑን ልብስ ሰፊ ሆንኩ?

"ምን ልትዪ ነበር?"
"እ… መስኮቱን ልዝጋው ወይ ልል ነው ጋሼ።"

መስኮቱ ዝግ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኔ የሚቀመጠው ሾፌር "ይሄም ተምሳሌት ነው" አለ።

ጥቅምት 13
ፈተናው ቅዳሜ ነው። የማውቀውን ብጽፍ፣ ኮታቸውን እንዳየሁባቸው ይገባቸዋል። የሚያርሙት ደግሞ ራሳቸው። ያፍራሉ… ወይ ይቆጣሉ። ባለቤቴ "እሳቸው ያሉትን ጻፊና ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ። ለሞተ ፈረንጅ ጠበቃ ያደረገሽ ማነው?" አለኝ። እውነቱን ነው።

ጥቅምት 17
ባለ ሃያ አምስት ነጥብ ጥያቄ፦ የኪሱን ተምሳሌትነት አስረዱ።

"ልቡ ቦታውን ለቋል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሰውዬው ታየኝ፣ ኮቱን እያራገፈ በእግሩ ሲሄድ። እኔ ደግሞ ሐሰተኛ እለዋለሁ! እጄ እምቢ አለኝ። ሰረዝኩትና የኮት አገላበጥን ከሀ እስከ ፐ ጻፍኩ። "ይህ ሰው አላታለለም፤ የቀረውን ደህና ገጽ ነው ይዞላት የሄደው" ብዬ ጨረስኩ።

ጥቅምት 18
ምን ነካኝ?

ጥቅምት 22
መስፊያ ቤቴ ድረስ መጡ! ጋሼ ተምሳሌት፣ ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "ይሄም እንደጻፍሽው ነው?" አሉኝ።

አያውቁም ነበር ለካ!

"ባለቤቴ ናት አዲስ ነው ብላ የሰጠችኝ" አሉ። "የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ከማረፏ በፊት። አሮጌውን ለሰው ሰጠሁት አለችኝ።"

ገበሩን ትንሽ ተረተርኩ። የመኪና ስፌት አይደለም። በእጅ የተሰፋ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ጠመም ያለ።

"ባለሙያ አልሰፋውም" አልኳቸው።
"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"
"በእጅ? ለማያውቅ ሰው… አንድ ወር።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። "አንድ ወር ሙሉ እህቴ ታማለች እያለች ከሰዓት ከሰዓት ትጠፋ ነበር። እኔ ደግሞ… ያንን ወር ሙሉ አኮረፍኳት።"

መሳቅ ጀምረው ነበር፣ መሐል ላይ መሐረብ ፈለጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ኪሱን ወደ ግራ ላዙርልዎት ብላቸው ኮቱን ከእጄ መነጨቁኝ። "እንዳትነኪው!"

ጥቅምት 24
አልፌአለሁ! አልፌአለሁ! የኪሱ ጥያቄ ሃያ አራት ከሃያ አምስት። አንዷን ለምን ቆረጧት? መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ማድረግ ስለረሳሁ ነው አሉ። ይሁንላቸው።

"ስለ ኪሱ ያጻፍኳችሁን ሰርዙ" ብለው ጀመሩ። "ሠላሳ ዓመት ተሳስቻለሁ። ስድስቱን ደግሞ ማስረጃውን ለብሼ!" ኮታቸውን አውልቀው በየረድፉ አዞሩት። እኔን ሰሌዳው ጋ አቁመው እኔ ቦታ ተቀመጡ። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረብኝ… ግን አስረዳሁ። ማስተማር እንዲህ ነው እንዴ? ወደድኩት።

ሾፌሩ እጁን አወጣ። "ታዲያ ባልቴቲቱ ኮቱ የተገለበጠ መሆኑን አላወቀችም?"

እኔ ሳስብ ጋሼ ተምሳሌት ቀደሙኝ። "ታውቃለች። ራሷ ናት የገለበጠችለት።"

"ኧረ ጋሼ! መጽሐፉ እንደዚህ አይልም እኮ!"

"አይልም" አሉ፣ ኮታቸውን እየለበሱ። "እኔ ግን ከእንግዲህ እንደዚያ ነው የማስተምረው።"