ራትናማን ሱቅ ትቼው የመጣሁት ቴሌቪዥን

ለማልጠራሽ የቃል ኪዳን እህቴ፣
ዳንግ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያጉረመርመው ቀኝ ጉልበትሽ አደብ ገዛ ወይስ ዛሬም ያዝዝሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ እግሯን ያመማት ጎሽሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ለአምላካችን ለእናት ባገዋቲ ምስጋና ይግባትና ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ቁጭ ብድግ እላለሁ ለማለት ነው እንጂ በንዴትስ ከሞትኩ ሰንብቻለሁ።

ጽሕፈቱን አየሽው? የማንም ልጅ እጅ አይደለም፣ የእኔ የራሴ ነው! የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው በመነጽር እየተረዳች ነው፤ እኔ በባዶ ዓይኔ። መምህርታችን «እርስዎ እስክሪብቶ ሲያነሡ ወረቀቱ ራሱ ይፈራል» ብላኛለች። መስመሩ ወደ ታች ከተንሸራተተብሽ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ከተማችን ታንሴን ተዳፋት ላይ ስለሆነች ነው። ስምሽን ግን አልጽፍም። እህትማማችነት ከተማማልን ወዲህ ስም መጠራራት ነውር ነው፤ ፊደል ቆጠርኩ ብዬ ነውሩን አልረሳም። ደስ የሚለኝ፣ ከእንግዲህ የሆዴን ለጎረቤት ተማሪ እየዘረገፍኩ አላስጽፍም። ስለዚህ ይኸው የሆዴን ስሚኝ።

ምራቴን ፓቢትራን ታውቂያታለሽ። ልጄ ኬሻብ ኳታር ከሄደ ጀምሮ በዚህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን። ቀን ቀን እንጨቱም ውሃውም አለ፣ አይታወቀንም። ማታ ግን እራት እንደበላን ሳህኑን አጥባ፣ ሻሏን ደርባ «እማማ፣ ካጊሳራ ቤት ደርሼ ልምጣ» ትላለች። ካጊሳራ ጎረቤቴ ናት። ልጇ ኮሪያ ሠርቶ በገዛላት ሰፊ ቴሌቪዥን መንደሩን ሁሉ ጠቅልላ ወስዳዋለች። ኦሌድ ነው የሚሉት። ሁሉም እዚያ ሲያመሽ እኔ ከድመቴ ጋር እቀራለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ድመቷም መሄድ ጀምራለች። ለምን አንቺም አትሄጂም እንዳትይኝ። የዱባዬን ሐረግ ወደ ግቢዋ ጎትታ፣ ያፈራውን «በእኔ አጥር ነው የበቀለው» ብላ የበላች ሴት ደጃፍ አልረግጥም።

ይባስ ብሎ ቡትዋል ያለችው የፓቢትራ እህት በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ሁሉንም እሰማለሁ። «እዚያ ተራራ ላይ ከአሮጊት ጋር ምን ታደርጊያለሽ? ነይ ልብስ ስፌቱን አብረን እንሥራ» ትላታለች። አሮጊት! እኔን! ፓቢትራም አንድ ቀን ዓይኗን መሬት ተክላ «ከዳሻይን በዓል በኋላ ቡትዋል ብወርድ ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። «እኔን ምን ቆርጦኝ ቅር የሚለኝ!» አልኳት። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ፤ ቁንጫ በዝቶ ነበር።

እና ቴሌቪዥን መግዛት አለብኝ አልኩ። ልጅቷ ቤቷ ቴሌቪዥን ካላት ምን ያወጣታል? ኬሻብ «ዘንድሮም ለዳሻይን ፈቃድ ከለከሉኝ» ሊለኝ ሲደውል ነገርኩት። «እማዬ፣ እንግዲያው ምርጡን ግዢ! ኦሌድ ግዢ፣ እኔ እልካለሁ» አለ። መምጣቱን ሲከለክሉት እጁ ተፈታ።

የራትናማንን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ታውቂዋለሽ፣ ገበያው ዳገት ላይ ነው። ፓቢትራን ይዤ ሄድኩ። ራትናማን እንዳየኝ ወንበር ጠርጎ ከሁለት ቴሌቪዥኖች ፊት ለፊት፣ ልክ መሃሉ ላይ አስቀመጠኝ። ትልቅ ሰው ማክበር ያውቃል፣ በዚህ አላማውም። ፓቢትራ እንደ ደንቡ በሩ አጠገብ ዣንጥላዬንና ዘንቢሌን ይዛ ቆመች፤ ምራት ከአማቷ ፊት አትገተርም።

«እናቴ፣ ይሄ ኤልሲዲ ነው» አለኝ። «ከኋላው መብራቱ ሁሌም እንደበራ ነው፣ ስለዚህ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይላል። ይሄኛው ኦሌዱ ግን እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን መብራት ታበራለች፣ ሲበቃት ታጠፋለች። ጥቁሩ ጥቁር ነው።»

«እኔ ቤትም አንድ አምፖል ነው ያለው። ግራጫ ሆንኩ ብሎ የከሰሰኝ ሰው የለም» አልኩት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ደግሞ ከተቀመጥኩበት ሳየው ሁለቱም አንድ ናቸው! እንዲያውም የርካሹ ቀይ የሚበልጥ መሰለኝ። የኦሌዱን ዋጋ ሲነግረኝማ በዚያ ጎሽ ከነጥጃዋ ትገዛለች ብዬ ጮህኩበት። ይህን ጊዜ ፓቢትራ ከበሩ ሆና «እማማ፣ ለእኔ ያኛው ነው ጥሩ የሚታየኝ» አለች፣ ኦሌዱን እያሳየች። «ካጊሳራ ቤት ተበላሽተሽ ነው» አልኳትና ኤልሲዲውን አሸክሜ ወጣሁ። ራትናማንን እንዲህ የረታ ሰው የለም ብዬ ዳገቱን በደስታ ወረድኩት።

አሁን ንዴቴን ተመልከቺ። ቴሌቪዥኑ ከመደቤ ፊት ለፊት ተሰቀለ። መደቡ ላይ እኔ፣ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ፓቢትራ፣ ሻይ ለመቅዳትም ለመላክም እንዲመቻት፣ እኔም አማቴ ቤት ተቀምጬ እንደኖርኩት። ተከታታዩን ድራማ ከፈትን። አንዲት ክፉ አማት ምራቷን ወተት ውስጥ መርዝ ጨምራ ልትገድላት ትሞክራለች። «ይቺም አማት ተብላ! ገና ወተት ሳታፈላ ፊቷ ያስታውቅባታል» እያልኩ እቀልዳለሁ። ፓቢትራ አንገቷን አጣማ፣ ዓይኗን አጥብባ ታያለች፤ አትስቅም። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያማ ሻሏን አነሣች! «እማማ፣ ካጊሳራ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

ደሜ ፈላ። ካጊሳራ ደግሞ በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ ምራትሽ ምንጣፌን ጨረሰችው፣ አዲስ ግዢልኝ እንጂ! ወይስ ያ ቴሌቪዥንሽ ለጌጥ ነው?» ትለኛለች። «ምንጣፍሽን በዱባዬ ሒሳብ ያዥው» ብዬ ገባሁ። ኬሻብም በስልክ ለፈለፈ፤ «ኦሌድ ግዢ አላልኩሽም? ለምን አትሰሚኝም?» ይለኛል። «ጥቁሩ ካላማረህ መጥተህ ቀባው» አልኩት። ወሬውን ወደ ኳታር ሙቀት አዞረ። ፓቢትራ በዚያ ሰሞን ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አየኋት። እኔ ምንም አላየሁም።

የባሌ የሙት ዓመት ደረሰና ታላቅ ወንድሙ ከሰሪያን መንደር መጣ። ታውቂ የለ፣ የባል ታላቅ ወንድም ባለበት መደብ ላይ አይወጣም። በልቶ ጠጥቶ መደቤ ላይ ተንሰራፋ፣ ሪሞቴንም ያዘ። እኔ ሻሌን ግንባሬ ላይ ስቤ ከፓቢትራ ጎን በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል፣ እህቴ፣ ምን አያለሁ! የሰዎቹ ፊት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌሊቱ ሌሊት አይደለም፣ የሩዝ ውሃ ነው። ክፉዋ አማት መርዙን ትጨምር ስኳር፣ ማን ይለየዋል?

«ተበላሸ እንዴ?» አልኳት ፓቢትራን በሹክሹክታ።

«አይ፣ እማማ። ከዚህ ሆነው ሲያዩት ሁሌም እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሱቁ ውስጥ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ሻሌን ይበልጥ ወደ ግንባሬ ሳብኩት። ሰውዬው ከመደቡ ላይ «ጎበዝ፣ እንዴት ጥርት ያለ ቴሌቪዥን ነው!» ይላል። ሪሞቱን ነጥቄ ብወረውርለት ደስ ባለኝ።

እንግዳው እንደሄደ ዳገቱን ወጥቼ ራትናማን ላይ ወረድኩበት። «ቴሌቪዥን ነው የሸጥክልኝ ወይስ የፈረስ ግርዶሽ፣ ፊት ለፊት ብቻ የሚያሳይ?» አልኩት። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ አንዴም ከወንበሩ አልተነሡም» አለኝ። «ወንበሩን ማን አመጣው?» አልኩት። ደንበኛው ሁሉ ሥራ ፈቶ ያየናል። ሲሰለቸው ራሱን ይዞ «በቃ! ያንን ይመልሱልኝ፣ ኦሌዱን ይውሰዱ፣ የዋጋውን ልዩነት ልጅዎ እንደሚመቸው ይላክልኝ። እስቲ ከፈለጉበት ሆነው ይዩት!» ብሎ ከፈተልኝ።

አየሁት። ከማቀዝቀዣዎቹ ጀርባ ሆኜ አየሁት፣ ውጪ ከመንገዱ ላይ አየሁት። የትም ብትሆኚ ያው ነው፤ ጥቁሩ እንደ ሕንድ ኩል፣ ፊቱ እንደ ሰው ፊት። መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ፣ ፓቢትራ ዣንጥላዬን ይዛ የቆመችበት ቦታ ቆምኩ። ከዚያም ጥርት ብሎ ይታያል። ይሄን ብወስድ ፓቢትራ ቤት እዚያው በሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ሳታጣምም እንደልቧ ታያለች። ከበሩ ንቅንቅ ማለት አያስፈልጋትም። እኔም እንደ ወትሮው መደቤ ላይ ብቻዬን።

«ልሸክፍልዎት?» አለ ራትናማን።

«አልፈልገውም» አልኩት።

«እናቴ! አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ይሄ ላገኘው ሁሉ ፊቱን የሚሰጥ ባለጌ ነው። የእኔ ጨዋ ነው፣ የቀረበውን ብቻ ነው የሚያየው» ብዬው ወጣሁ። ምስኪን፣ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ቀረ።

ማታ ፓቢትራ ሳህኑን አጥባ ወደ ሻሏ እጇን ስትሰድ «ነይ፣ እዚህ መደቡ ላይ ውጪ» አልኳት። ደነገጠች። «እማማ፣ እንዴት አድርጌ ከእርስዎ እኩል!» አለች። «ባለሱቁ ነው ያዘዘው። ከጎን የሚያዩት ከሆነ ቶሎ ይበላሻል አለኝ» አልኳት። እንዲህ ያለውን ውሸት እንደኔ ፊቱን ሳይቀይር የሚዋሽ የለም። ጠርዙ ላይ፣ ልትበር እንደደረሰች ወፍ ተቀመጠች። መደቡ ጠባብ ነው፣ ጉልበት ካልሰበሰቡ ሁለት አይዝም። ያቺ ክፉ አማት ወተቱን ስታፈላ ሽንኩርት እንደላጠች ዓይኗ ሲያለቅስ ፓቢትራ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጉልበቴን መታችኝ። መታችኝ እኮ ነው የምልሽ! ከዚያ ደንግጣ እግሬን ነካች፣ ይቅርታ ለመጠየቅ። «ተይ፣ ድራማውን አታስመልጪኝ» አልኳት።

ካጊሳራ ትናንት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምራትሽ ታማለች እንዴ?» አለችኝ። «እኛ ጋ ቦታ ሞልቷል» አልኳት።

ኬሻብ ደውሎ ቴሌቪዥኑ ተቀየረ ወይ ሲለኝ፣ ባለሱቁ እምቢ አለ፣ ድርቅ ያለ ሰው ነው አልኩት። አንቺንም ቢጠይቅሽ እንደዚያው በይው፣ ራትናማን ይቅር ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ፓቢትራ ልብስ አጥባ ገመዱን ሞላችው፤ ሻንጣ ውስጥ የነበሩትንም ሳይቀር። እህቷ ስትደውል ደግሞ «አሁንማ አልችልም፣ እማማ ብቻቸውን ቴሌቪዥኑን መክፈት አይችሉም» ስትላት ሰማሁ። እኔ! ፊደል በአንደኝነት የጨረስኩት ሴት! ያችን ቀይ ቁልፍ በጨለማም አገኛታለሁ። ግን ማታ «ፓቢትራ፣ ይሄን ነገር ክፈቺልኝ እንጂ» አልኳት።

ባገዋቲ እናታችን ጉልበትሽን ታለስልስልሽ። ጎተራሽ አይጉደል፣ ጎሽሽ ወተቷን አትንፈግሽ፣ የዳሻይን ቀይ የምርቃት ምልክት ግንባርሽ ላይ ይድመቅ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ደብዳቤውን ግን አታስነብቢው። ብርድ ሳይገባ ነይ። መደቡ ጠባብ ነው፣ ግን ያ ጉልበትሽ መታጠፍ ከቻለ ሦስት ይይዛል።

የማትጠሪኝ የቃል ኪዳን እህትሽ