በሽማግሌ ፊት ጥቁር መነጽር

ይድረስ ለወንድሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ሆድህ፣ ወገብህ፣ ሁለመናህ ደህና ነው? ዓይንህስ? ዓይንህን ለይቼ የምጠይቅህ በምክንያት ነው፤ ወደታች ታገኘዋለህ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ካገኘሁት ንዴት በቀር ምንም አልሆንኩ።

በቃል እንዳልነግርህ፣ ገና አፌን ስከፍት የአንገቴን ሥር ማየት ትጀምራለህ። ስለዚህ ጻፍኩት። ወረቀት አንገት የለውም፤ ዝም ብለህ አንብበው።

ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ከስልክህ ተምረህ በያሬድ ፑል ቤት ጓሮ ስትጀምር ብዙ አልተናገርኩህም። ቁማር ነው ስልህ፣ በለስላሳ ቆርኪ ስለምንጫወት ሐራም አይደለም ብለህ ፈትዋ ሰጠህ። ይሁን። ግን ዕውቀቱ ከካርታው ጠረጴዛ ተነሥቶ ቤታችን ገባ። ምላስ ይዋሻል፣ ሰውነት አይዋሽም እያልክ፣ አፍንጫውን የነካ ዋሾ፣ ዓይኑን የሰበረ ባዶ እጁን፣ እግሩን ያወዛወዘ ደግሞ ጥሩ ካርታ የደረሰው ሆነ። ወተት የሚያመጣልን ሰውዬ ስታፈጥበት ጊዜ ደጃችንን ረሳው። ዶሮዋ እንኳ አንተ ፊት እንቁላል መጣል አፈረች። እኔም ሞኟ ሳቅኩ።

አባታችን ካለፉ ወዲህ ኒካሕ የሚያስርልኝ ወሊዬ አንተ ነህ። አሳድጌህ ሳበቃ የምትድረኝ አንተ! የዲኑን ሥርዓት አልከራከርም። ናስር ከውርጌሳ ሽማግሌ እንደሚልክ ነግሬሃለሁ። እንደምፈልገውም፣ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ነግሬሃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሌላ ናስር ከመንገድ አይለቀምም።

በጁምዓው ከሶላት በኋላ መጡ። ሼህ አብዱልሐሊም ከመሐል፣ የናስር አጎት ጋሽ ጀብሪል ከጎናቸው። አንተ በአባታችን መደብ ላይ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር መነጽር አድርገህ ተሰይመሃል። ፊትህ እንዳይነበብ! እኔና ጎረቤታችን ብዙነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ብዙነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አንቺ፣ ወንድምሽ የተደበቀው ከፀሐይ ነው ከፖሊስ አለችኝ። ምን ልበላት?

ሼሁ ሰላምታ ሰጡ፤ ዝም። ስለ ዝናቡ ጠየቁ፤ ዝም። ድንጋይ መሆንህ ነው። የዋሁ ሰውዬ ደነገጡና፣ ልጄ ዓይንህን አሞህ ኖሯል ብለው እጃቸውን ዘረጉልህ። ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ብርሃን መልስለት አሉ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። አንተም አሚን አልክ! ይኼኔ ጋሽ ጀብሪል አንገታቸውን ደፉ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አነበብካቸው። እኚህ ሰው የሚደብቁት ነገር አለ፣ አፋቸውን ሸፈኑ፣ ዓይኔን ማየት አቃታቸው፣ ናስር ሌላ ቦታ ሚስት አለው፣ እህቴን አልሰጥም፣ ሁለተኛም እንዳትመጡ አልክ።

አንተ ሰው፣ የደበቁት ሳቃቸውን ነው! ጨለማ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ሰክቶ ለገዛ ዓይኑ አሚን በሚል ወሊይ ካልተሳቀ በማን ሊሳቅ ነው? ቀና ብለው ያላዩህ ደግሞ፣ የሰው ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ዓይኑን ሰብሮ ስለሚቀመጥ ነው። አደብ ይባላል። ያስተማሩህ የስልክ ፈረንጆች ሽማግሌ ልከው አያውቁም። ዓይኑን አፍጥጦ ልጃችሁን ስጡኝ የሚል ቢመጣ ነበር ውሻ የሚለቀቅበት።

እምቢ ማለትህ ነውር አይደለም። የመጀመሪያው ቀን እምቢታ ወግ ነው፤ ሽማግሌም ሊመለስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ እንዳትመጡ ግን ወግ አይደለም፣ በር መጠርቀም ነው። ጋሽ ጀብሪል ደጅ ላይ የግራ ጫማቸውን በቀኝ እግራቸው አጥልቀው ሄዱ። ያን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። እሱን አላነበብከውም።

ይህ ሳያንስህ ፑል ቤት ሄደህ እህቴን አተረፍኳት ብለህ ፎከርክ። በሳምንቱ መርሳ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት፣ ናስር ባለ ሁለት ሚስት ነው አሉ፣ እንኳን አመለጥሽ ብላ አቀፈችኝ። በቆርኪ ብቻ አይደለም የተጫወትከው፤ በሰው ስም ነው።

ሄደህ ይቅርታ በላቸው ብዬ እግርህ ላይ አልቅሻለሁ። አንተ ግን እንባዬን መርምረህ፣ ግራ ዓይንሽ ስለ ቀደመ የውነት አይደለም አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ። ዝምታዬንም አነበብከው፤ ረስታዋለች ብለህ ለብዙነሽ ነገርካት።

አልረሳሁም። ሲሪንቃ፣ የአባታችን ወንድም ሙስዐብ ዘንድ ሄድኩ። ቃዲውን ጠይቀው፣ ያለ ምክንያት የሚከለክል ወሊይ ቦታውን ለቀጣዩ ዘመድ ይለቃል አሉኝ። ከዚያ፣ ልጄ፣ ትፈልጊዋለሽ ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን ሰብሬ መሬት መሬት አየሁ። በቃ፣ ገብቶኛል አሉ።

እሑድ ምሳህን አቀረብኩልህ። ሁለቱ እጆቼ እስከ አንጓዬ በሂና ቀልተው ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። አንተ ስልክህ ውስጥ አንዱ ካርታውን ሲገልጥ እያየህ፣ ቀና ሳትል፣ ጨው በዝቶበታል አልከኝ። ሳህኑንም በዚያው እጄ አነሣሁልህ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ልብህን ያቅናልህ። አንተም ሽማግሌ የምትልክበት ቀን ሲደርስ፣ ፊት ከሚያነብ አማች ይሰውርህ። ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ጨዉ ከእንግዲህ በልክህ ነው። ስናፍቅህ ውርጌሳ፣ ናስር ቤት ና። እዚያ በሩ ክፍት ነው፤ ሁለተኛ እንዳትመጣ የሚልህ የለም።

ያሳደገችህ ታላቅ እህትህ