ሥዕሉ እስከ ባሕሩ የደረሰ ዕለት

ቅዳሜ ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለባንቺአየሁ ክንፈሚካኤል፣

እታለም፣ ለመናገር ያሳፍረኛል እንጂ ስልክ ላይ ካንቺ ጋር ማውራት እፈራለሁ። የምፈራው አንቺን አይደለም፤ በመሀል የሚመጣውን ዝምታ ነው። «እሺ፣ ሌላስ?» ስትዪኝ ሳስበው የዋልኩት ሁሉ ከአፌ ይጠፋል። «ደህና ነን» እልና ስልኩን ለእማ አቀብላለሁ። ባለፈው እሑድም ያንኑ አደረግሁ። የጠየቅሽኝን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ፤ ሳምንቱንም እንዲሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልሽ ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

አስቀድሞ ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጎንሽ ውጋት ተወሽ ወይ? በዚያ አገር ጥር የዝናብ ወር ነው ስላልሽኝ፣ እኛ ፀሐይ ስንሞቅ አንቺን ብርድ የሚመታሽ እየመሰለኝ ይጨንቀኛል። አሠሪሽ ሴትዮዋስ እንዴት ይዛሻለች? የምታሳድጊው ሕፃን አፍ ፈታ? እንቅልፍስ ይበቃሻል? እዚህ እህሉ ገብቷል፣ ከብቱም ሰውም ደህና ነው፤ ቦራ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች፤ ትንሿ እህታችን ህይወትም አንደኛ ክፍል ገብታ ግድግዳውን ሁሉ በከሰል ሀ ሁ አድርጋዋለች። ማታ ራት ሲቀርብ ግን እማ እስከ ዛሬ ያንቺን ቦታ ሳታውቀው ትተወዋለች፤ እኛም አንጠጋበትም።

«ለፋሲካ ብመጣ አባባ ቤት ያስገቡኛል ወይ?» ነበር ያልሽኝ። ያን ዕለት መልሱን አላውቀውም ነበር። አሁን የማውቅ ይመስለኛል። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ግን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

መሣሪያሽን አልተውኩትም። ስትሄጂ ልነካው ፈርቼ ነበር። ከአሮጌው የቴሌቪዥን አንቴና ቆርጠሽ ሽመሉ ላይ ያሰርሻቸውን ዘንጎች እማ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ስትሰቅልባቸው እንኳ ዝም አልኩ። ለመስቀል ቤት ስንለቀልቅ ላፕቶፑንና መምህርሽ የሰጡሽን ያቺን ፍላሽ የምታህል መቀበያ ከአልጋው ሥር አገኘኋቸው፤ አቧራውን ጠርጌ ስከፍተው ሠራ። ሽንኩርቱን አወረድኩ። አንቴናው እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

መጀመሪያ ያስረዳሽኝን ታስታውሺዋለሽ? ሰው የሠራው ነገር ምድርን እየዞረ በላያችን ያልፋል፤ ከታቹ ያለውን አገርና ደመና ሁሉ እያነሳ ሥዕሉን በድምፅ ወደ ምድር ያፈሰዋል፤ እንደ ዝናብ ውኃ ነው፣ ማሰሮ ያወጣ ያጠራቅማል አልሽኝ። ስሟ ለአፌ ስለከበደኝ «መንገደኛዋ» ብለን ጠራናት። ከደንበጫ በኩል ወጥታ፣ በላያችን አልፋ፣ በአዴት በኩል ትወርዳለች። እኔ ሽመሉን ይዤ በጓሮ እቆማለሁ፤ አንቺ በርጩማ ላይ ያለው ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰሽ «ቀስ! ወደ ፍኖተ ሰላም! ኧረ አላልኩሽም፣ ወደ አዴት!» እያልሽ ትጮሂብኛለሽ። ድምፅዋም እንደ በቅሎ ኮቴ ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ እያለ ከላዩ ፉጨት ይጨመርበታል። አያ ክንዱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «የመሪጌታ ልጆች ሰማይ ያልባሉ! ወተቱ መቼ ነው የሚወርደው?» ሲሉን እኔ በእፍረት ልሞት እደርስ ነበር፤ አንቺ ግን «ዕቃ ይዘው ይምጡ!» ትያቸዋለሽ።

ሥዕሉ እንደ ሸማ ፈትል በፈትል ሲመጣ ማየት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር አሳይተሽ «ይኼ ጣና ነው» አልሽኝ። እኔም ቤታችን የቱ ጋ ነው ብዬ ስጠይቅሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። አሁን ብቻዬን ስሆን ያን ሳቅ እሰማዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። አብረን በያዝነው በመጨረሻው ሥዕል፣ ጫፉ ላይ ሥዕሉ ጠፍቶ ቡራቡሬ ብቻ የሆነበትን ቦታ በጣትሽ ነክተሽ «ከዚህ ወዲያ ያለውን ከጓሯችን በላይ ያለው ጉብታ ይከልለናል፤ እዚያ ባሕር አለ፣ ከባሕሩ ዳር ከተማ አለ» አልሽኝ። እኔ ትምህርት መስሎኝ «እሺ» አልኩ። በሳምንቱ ሥራ ልፈልግ አዲስ አበባ ልሂድ ብለሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ስትደውዪ ቤይሩት ነሽ። ለካ የነገርሽኝ መሄድሽን ነበር።

አባባ ያን ዕለት «ሳልመርቃት ሄደች» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስምሽን አልጠሩም። አልሸሽግሽም። ስልክ ሲጮህ «በሬውን ልየው» ብለው ይወጣሉ። በሬው ታስሮ ሲያመነዥክ ምን የሚታይ ነገር አለው? እማም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ብቻዬን ስጀምር ነገሩ አልሆነልኝም። አንቴናውን ሳዞር ሥዕሉን አላየው፣ ሥዕሉን ሳይ አንቴናው ይዘነብላል። መንገደኛዋ ወደ አዴት ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጉብታው ይውጣታል። የያዝኩት ሥዕል ሁሉ ጣናን አልፎ የበረሃው አሸዋ ላይ ይቀራል። አባባ በዚያ ሰዓት ከቤቱ ጥግ መደቡ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። ዳዊት የሚደግሙ ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ፊታቸውን ሳይመልሱ «ወደ ቀኝ መልሻት፤ ታንቃለች» አሉኝ። ደንግጬ መለስኩት፤ ድምፅዋ ጠራ።

እታለም፣ ለካ ሲያዳምጧት ነው የከረሙት! የአባባን ጆሮ ታውቂዋለሽ፤ በማኅሌት መሀል ከስንት ሰው አንዱ ዜማ ቢስት ማንነቱን ሳያዩ ይጠሩታል። ከዚያ በኋላ «ዝቅ አለች»፣ «ከፍ አድርጊያት»፣ «ተዪ አሁን ደህና ናት» እያሉ ያዞሩኝ ጀመር። አንድ ቀንማ «ይህች በአንድ ዜማ ሳትተነፍስ ትዘልቃለች፤ የኔ ተማሪዎች ሁለት ቃል ብለው ውኃ ይጠይቃሉ» ብለው ፈገግ አሉ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንቺ የደወልሽ እሑድ አለፈና ማክሰኞ፣ የከተራ ዋዜማ፣ ላፕቶፑን ልከፍት ስል አባባ ጠሩኝ። ይህች ነገር የት ድረስ ታያለች አሉኝ። እስከ ባሕሩ ማዶ አልኳቸው። «ማዶውስ ላይ ምን አለ?» አሉኝ። የከተማውን ስም ልጠራ አፌን ከፍቼ አቃተኝ። እሳቸውም «ታዲያ ለምን እዚያ ሳትደርስ ትቀራለች?» አሉ። ጉብታው ይከልላታል አልኩ። ተነሡና ሽመሉን አነሡ። «እንግዲያ ጉብታው ላይ እንውጣ እንጂ እሱ ተነሥቶ አይሄድልሽ» ብለው እንደ መቋሚያ እየተመረኮዙት ወደ ላይ ጀመሩ። እኔ ላፕቶፑንና በርጩማውን ይዤ ተከተልኩ። አያ ክንዱ አዩንና «መሪጌታ! ከተራው ነገ መስሎኝ፣ ሰልፉ ዛሬ ሆነ እንዴ?» አሉ። አባባም «ና አንተም፤ ዛሬ ወተቱ ይወርዳል» አሏቸው። እኔ እየሮጥኩ አለፍኩ።

የላፕቶፑ ባትሪ ደክሟል፤ መንገደኛዋ አንድ ጊዜ እስክታልፍ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ እሷ እስክትወጣ ዘግቼው ጠበቅን። ከደንበጫ በኩል ድምፅዋ ብቅ ሲል አባባ ሽመሉን በሁለት እጃቸው አነሡ። እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው የሚሰሙትን ይከተላሉ። ደመና አልኩ። ጣና አልኩ። አሸዋው አልኩ። ከዚያ በነጩ አሸዋ መሀል ቀጭን ጥቁር ክር ወጣ፤ ዓባይ ነው አልኳቸው። «የኛው ውኃ?» አሉ። አዎ አልኩ። ክሩ ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘርፍ ተበተነ። እንደዚያ ሩቅ ደርሶልን አያውቅም።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የቀረው ጤፍ ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አለቀ አልኩ። አባባ ግን «ቆዪ፤ ገና አለች» አሉ። እኔ ምንም አይሰማኝም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽመሉን ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ እያደረጉ፣ በመጨረሻ ተንበረከኩ። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉኝ። በቡራቡሬው መሀል አንድ ፈትል መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ጥቁሩ ባሕር። ከጎኑም ወደ ላይ የሚታጠፈው ዳርቻ፣ ያ በጣትሽ ያሳየሽኝ።

ሲያበቃ «የት ናት?» አሉኝ። ሄደች፣ ገባች አልኳቸው። «እሷን አይደለም» አሉ።

እታለም፣ ያኔ ነው የገባኝ። ጣታቸውን ይዤ ስክሪኑ ታች፣ የመጨረሻው ፈትል ላይ አኖርኩት። «ዳር ላይ ናት እንዴ? ልጅ ዳር አይቀመጥም» አሉ። ከደቡብ የምትመጣ ስለሆነች ሥዕሉ እንደተዘቀዘቀ ነበር፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ገለበጥኩት። አንቺ ከላይ ሆንሽ፣ እኛ ከታች። ቀርበው አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና «የወጣሽበት መንገድ መመለሻሽ ይሁን፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው» ብለው እንትፍ፣ እንትፍ ብለው ስክሪኑ ላይ መረቁሽ። ጠብታው እዚያው ላይ ቀረ። ባትሪው አልቆ ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ አልጠረግሁትም።

ከጉብታው ወረድን። አጥራችን ጋ ስንደርስ ብቻ ሽመሉን አቀበሉኝና «ለፋሲካ ይህን እሷ ትያዘው፤ የኔ ክንድ ደክሟል» አሉ። ያንቺን ጥያቄ እኔ አልነገርኳቸውም። እማም አልነገርኩም ትላለች። መልሱ ይኸው ነው፤ አንድም ፊደል አልጨመርኩበትም።

ዛሬ ሥዕሉን ላሳትመው ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ባለ ማተሚያው አይቶ «ራጅ ነው? የማን ደረት ነው?» አለኝ። ማስረዳቱ አሳፈረኝና አዎ ራጅ ነው አልኩት። «ሳንባው ደህና ነው፤ አይዞሽ» አለኝ! መኪና ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አንቺ ብትኖሪ ትመልሺለት የነበረውን እያሰብኩ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሀብትነሽ ታመጣልሻለች። ለእናቷ ተዝካር መጥታ ነበር፤ ሰኞ ወደ ቤይሩት ትመለሳለች።

እማ በሶና ሽሮ በሀብትነሽ ልካለች፤ ጸጉርሽ ሳይደርቅ እንዳትተኚ ብላሻለች። ህይወት መንገደኛዋ ስታልፍ ውጪ ወጥተሽ እጅሽን አውለብልቢ፣ ሥዕሉ ላይ አይሻለሁ ብላለች፤ እባክሽ አንድ ቀን አድርጊላት። አያ ክንዱ ዕቃ እንደያዙ እየጠበቁ ነው በያት ብለዋል። አባባ ሰላምታ በያት አላሉኝም። የጥምቀት ማኅሌት ድምፃቸውን ዘግቶታል፤ ሹክ ሹክ ብቻ ነው የሚናገሩት። የሳቸውን ሰላምታ የሥዕሉ አናት ላይ ፈልጊው።

ነገ እሑድ ነው፤ ይህ ደብዳቤ ገና ሳይደርስሽ ማለት ነው። ሴትዮዋ ስትወጣልሽ፣ በኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እንደ ልማድሽ ትደውያለሽ። መንገደኛዋም የምታልፈው በዚያው ገደማ ነው። ስልኩን እኔ ይዤ ጉብታው ላይ እወጣለሁ። ለእማ አላቀብልም፤ «ደህና ነን» ብዬም አላበቃም። «ቆዪ፣ እታለም» እልሽና የአባባ ጆሮ ላይ አደርገዋለሁ። ሁለት እጃቸው ሽመሉን ስለያዘ በሬውን ልየው ብለው መሄድ አይችሉም። ሥዕሉ ቢበላሽ ይበላሽ።

እህትሽ ያምሮት ክንፈሚካኤል
ጅጋ