የዶሮው ፊርማ

ኤፕሪል 9
ዝናብ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ማማ ኖምቡሌሎ ለሚያፈሰው ጣሪያቸው ላስቲክ ሊለምኑኝ መጡ። በሰባ አንድ ዓመታቸው የሰው ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። የባለቤቱ ልጅ ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ እስከ ጁን መጨረሻ ውጡ ብሏቸዋል።

"የት ልሂድ ብለሽ ነው ፊኪስዋ?"

የሰፈራችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ከተማው በበጀቱ ላይ እንደሳቸው ላለ ሰው የኪራይ መደገፊያ እንዲይዝ እየጠየቀ ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። "አይዞዎት ማማ፣ እናስይዛለን" አልኳቸው። አፌ መቼም አያርፍ...

ኤፕሪል 16
የበጀት ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሚስተር ጃፍታ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። የገባው ሰው የለም። ስለ ኪራይ መደገፊያው ጠየቅኩት። "ተመዝግቧል እህቴ" አለኝ።

ከዚያ ዶሮና ሩዙ መጣ። ያልፈረመ አይበላም። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ወረቀቱን ተቀብዬ እኔው ማስፈረም ጀመርኩ።

"ከላይ ምን ይላል? መነጽሬን ረስቻለሁ" አሉ ታታ ዙኪሌ፣ የባቡር ጡረተኛው።
"የመጣ ሰው ዝርዝር ነው ታታ። ዶሮ ለመብላት ደግሞ መነጽር ምን ያደርጋል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማማ ኖምቡሌሎ መጻፍ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ይዤ አሳተምኳቸው። ለኔ የዶሮው እግር ደረሰኝ።

ሜይ 7
የበጀቱ ረቂቅ ወጣ። የኪራይ መደገፊያው የለም። ጭራሽ የለም! መጨረሻው ላይ "ነዋሪዎች ተወያይተው ደግፈውታል" ይላል፣ ፊርማችን ተያይዞ። የመጀመሪያው የኔ ነው። ከፊርማዎቹ በላይ በደቃቅ ፊደል፦ "በጀቱ ተብራርቶልኝ ተስማምቻለሁ።"

ለራሴ ነው የምጽፈው፣ እውነቱን ልጻፍ። ያን ቀን አይቼው ነበር። ምን ችግር አለው አልኩ... ርቦኝ ነበር።

ሜይ 8
ማማ ኖምቡሌሎ በደጄ ሲያልፉ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ሜይ 11
የኮሚቴ ስብሰባ። ሊቀመንበራችን ሲቪዌ ጠረጴዛ እየደበደበ "ስማችንን ሰረቁን! እነዚህ ሌቦች!" ይላል። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ምክር ቤት ቀርበሽ አንቺ ተናገሪ አለኝ፣ አንደበት አለሽ ብሎ። አንደበቴማ ነው ጉድ የሠራን። ምነው ያኔ ቢዘጋ ኖሮ?

ሜይ 22
ምክር ቤት። ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ስለ ሌቦቹ የጻፍኩት ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ቀና ስል ማማ ኖምቡሌሎን አየኋቸው፤ ቀዩን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ለዶሮው ነው ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ምሳ ነው የበሉት እንጂ በጀቱን አልደገፉም። እኔ ልፈር፣ ለእነሱ ግን ፊርማቸውን መልሱላቸው።"

ከአባላቱ አንዱ ሳቀ። ፊቴ ነደደ። ስንመለስ ሲቪዌ በታክሲው ውስጥ ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም።

ማማ ኖምቡሌሎ ስንወርድ "ጣቴን ይዘሽ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁን 12
ፊርማው ተሰርዞ ስብሰባው ተደገመ። ያው አዳራሽ፣ ያው ዶሮ። ሚስተር ጃፍታ ወረቀቱን አዞረ። ብዕሩን የነካ የለም። ታታ ዙኪሌ መነጽራቸውን አድርገዋል።

"ፊኪስዋ ታንብብልን" አሉ ማማ ኖምቡሌሎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሣሁ።

"ጮክ በይ እንጂ! ከላይ ጀምረሽ!"

አነበብኩ። ያችው ዓረፍተ ነገር አለች። "ሰርዢያት" አሉ። ሰረዝኳት። ከሥሯ "የኪራይ መደገፊያ እንፈልጋለን" ብዬ ጻፍኩ፤ ያንንም ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተፈረመው። ዶሮው በረዶ ሆኖ ነበር።

ጁን 30
መደገፊያው በጀት ውስጥ ገባ። የሚጀምረው ግን በሴፕቴምበር ነው፤ ማማ ኖምቡሌሎ ደግሞ ዛሬ መልቀቅ አለባቸው... ያ የመጀመሪያው ፊርማ ባይኖር ይደርስላቸው ነበር? ማን ያውቃል። እኔ ግን ይደርስ ነበር እላለሁ።

የስፌት መኪናዬን ወደ ኩሽና አወጣሁና ክፍሉን ለቀቅኩላቸው። ማማ ኖምቡሌሎ ከሰዓት በኋላ ፍራሻቸውን አስጭነው መጡ። ደጃፌ ላይ ቆም አሉ።

"ከመግባቴ በፊት የምፈርመው ነገር አለ?"

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። "የለም ማማ" አልኩና የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዝኩ።