ስለ አባታችን የኮሶ ዛፍና ስለ ታሰረችው እኅቴ

ለደብረ ታቦር ገዥ ለክቡር ካፒቴን፣

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ እስከ ጫማዎ ድረስ ዝቅ ብሎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእኔን ቢጠይቁኝ፣ ከንዴት በቀር የሚያመኝ የለም።

ያቆሙትን የዕፅዋት ማሳያ አትክልት እንድንጎበኝ በአዋጅ ስለ ጠሩን፣ ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእኅቴ ከእቴነሽ ጋር መጥቼ ነበር። ላየሁት ሁሉ ምስጋናዬን ጽፌ ይህንኑ ደብዳቤ በአትክልቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ፊደል ለማያውቅም የሚያነብለት አይጠፋም።

፩ኛ፤ የአባታችንን ርስት ሳይጠይቁን አጥረው ስላስዋቡልን እናመሰግናለን። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲሉ፣ ናቂው ራሱ አጥር የሚያጥርበት ዘመን እንደሚመጣ አላሰቡም ነበር።

፪ኛ፤ ሳማን ከአበባ መደብ ላይ ተክለው፣ ዙሪያውን በድንጋይ ከበው፣ እንዳንነካው ዘብ ስላቆሙለት እጅግ ተደንቀናል። ሳማ ራሱን መጠበቅ እንደሚያውቅበት ከአገሩ ሰው አንዱን እንኳ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ዘቡ ለሌላ ሥራ በተረፈዎ ነበር።

፫ኛ፤ አባቴ በእጁ በተከላት ኮሶ ላይ የተጻፈበት ቆርቆሮ ተቸንክሮ አየሁ። አስተርጓሚዎ እንዳነበበልን፣ ዛፊቱን አምና ያገኛት የእርስዎ አትክልተኛ ነው። ስለ ተገኘችልን ደስ ብሎናል። እኛማ አርባ ዓመት ከሥሯ ስንቀመጥ ጠፍታ እንደ ነበር አላወቅንም።

ለአራተኛው ግን ምስጋና አይወጣኝም። እቴነሽ ከእናታችን በተማረችው ሙያ ለከተማው ሰው ኮሶ መጥና የምትሰጥ ሴት ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእሷ እጅ ይጠጣል። በዚያ እሑድ የነጋዴው የከማል ሚስት ሶፊያ ኮሶ ታይቷት ስለ ነበር፣ ለእሷ ብላ ከዚያችው ዛፍ አንድ ዘለላ አበባ ቀጠፈች። ዘብዎ በጎብኚው ሁሉ ፊት በጥፊ መታት፤ እርስዎም የመንግሥት ዛፍ ሰረቀች ብለው አሰሯት። የአባቷን ዛፍ! ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኗ ነው፤ ስንቅ እንኳ እንዳናቀብላት በሩ ተዘግቶብናል። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ የትሕትና ቃል ብደረድርም ቁጣዬ አልሸፈን ብሎኛል። ሌባው ማን እንደ ሆነ አገር ያውቃል።

እኅቴን ይፍቱልኝ። ሌላ ልመና የለኝም።

ጸሐፊው ማነው እየተባለ ንጹሕ ሰው እንዳይገረፍ ስሜን ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ፤ ቤቴም ከአጥርዎ ማዶ ነው።

በገዛ ርስቱ ጎብኚ ለመሆን የበቃው፣ ዘብ ቆሞለት የማያውቀው ታዛዥዎ፣
መሪጌታ ሙላቴ
ደብረ ታቦር፣ ጥር ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ በመስቀል ግብር ጥሬ ሥጋ እጅግ እንደ ወደዱ አይተናል። ከሰሞኑ ደግሞ እየበሉ እንደሚከሱና ሆድዎን ይዘው እንደሚውሉ ከወጥ ቤትዎ ሰማን። እግዜር ይማርዎ፤ መድኃኒቱ እዚያው አትክልትዎ ውስጥ ቆርቆሮ ተቸንክሮበት ቆሟል። ነገር ግን ኮሶ ሲያንስ አይሽርም፣ ሲበዛ ይገድላል፤ ልኩን የምታውቀው ሴት ደግሞ እስር ቤትዎ ውስጥ ናት።